ከቃጠሎ በኋላ አርክቴክት ከየት ይጀምራል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመጋቢት ወር አንድ ሌሊት፣ ፒያሳ ውስጥ ከደጃች ውቤ ሰፈር ብዙም በማይርቅ መንደር እሳት ተነሥቶ ቤቶቹ ሲነዱ አደሩ። እግዚአብሔር ይመስገን የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ ሲነጋ ግን ከተጨማደደ ቆርቆሮ፣ ከአመድ፣ ከድንጋይ መሠረትና ከጥቂት ግድግዳ በቀር ይህ ነው የሚባል የቀረ ነገር አልነበረም። በዚያን ጊዜ ቢሮዬ እዚያው አቅራቢያ ስለነበረ፣ ከሥራ ባልደረቦቼም አንዱ በዚያ መንደር ተወልዶ ያደገ ስለሆነ፣ ለማየት ብለን ሄደን ስምንት ወር ያህል እዚያው ቀረን። ከዚያ ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት የተጎዱ ጤና ጣቢያዎችን በማስጠገን ሥራም ጥቂት ተሳትፌአለሁ። ይህን የምጽፈው በቅርቡ ከልደታው ሕንፃ ኮሌጅ የተመረቁ ሁለት ወጣቶች መጥተው «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ አርክቴክት ከየት ይጀምራል?» ብለው ስለጠየቁኝና በቃል የመለስኩላቸው ነገር ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ስላሰብኩ ነው።

የራሴን ስሕተት ላስቀድም። ቃጠሎው በደረሰ በሦስተኛው ቀን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አንድ ንድፍ ሠርቼ፣ ቀለም ቀብቼና በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ነዋሪዎቹ ወደተጠለሉበት የእድር ድንኳን ይዤ ሄድኩ። መካከሉ ግቢ፣ ምድሩ ሱቅ፣ ጣሪያው የልብስ ማስጫ የሆነ ባለ ሦስት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ነበር፤ እንደ ንድፍ ዛሬም አላፍርበትም። ሰዎቹ በጨዋነት አዳመጡኝ። ስጨርስ ግን ሁላችንም እማማ የምንላቸውና በራቸው ላይ ሽሮና በርበሬ ይቸረችሩ የነበሩ አንዲት እናት ወደ ወረቀቱ ጠጋ ብለው ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ፣ «ልጄ፣ የኔ በር የቱ ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። የእርሳቸው በር ከንድፉ ውስጥ አልነበረም፤ በቤታቸው ስንት ሰው ያድር እንደነበረም፣ በራቸው ወደ መንገድ ይሁን ወደ ግቢ ይዞር እንደነበረም አላውቅም ነበር። የባሰው ደግሞ በማግሥቱ መጣ፦ «ፕላኑ አስቀድሞ ያለቀ ነው፤ እሳቱንም የለኮሱት አውቀው ነው» የሚል ወሬ በመንደሩ ተሠራጭቶ አደረ። በሦስት ቀን ውስጥ እንዲህ ያለ ሥዕል ይዞ ብቅ ያለ ሰው ሲታይ እንዲህ ቢጠረጠር አይፈረድም። ያን ጥርጣሬ ለማጥፋት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ያውም ባልደረባዬ የሰፈሩ ልጅ ሆኖ ሳለ።

እንግዲህ ለወጣቶቹ በመጀመሪያ የነገርኳቸው ወደ ቦታው ሲሄዱ ሜትር፣ ደብተርና ካሜራ ብቻ ይዘው እንዲሄዱ ነው። ያለው ጊዜ አጭር ነው። ፍርስራሹን ለማንሣት ሎደርና ሲኖትራክ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ሎደሩ ከገባ በኋላ ደግሞ የማን ቤት የት ላይ እንደነበረ የሚመሰክር ምልክት አይገኝም። እኛ የደረሰልን የእድሩ ሊቀ መንበር ነው፤ ሾፌሩን በልመናም በቁጣም ይዞ ሁለት ቀን አስቆመልን። በእነዚያ ሁለት ቀናት ስድስት ሆነን ከአመዱ ላይ መንደሩን ለካን።

ከአመድ ላይ ቤት መለካት መጀመሪያ ላይ የማይቻል ይመስላል፤ ዓይን ሲለምደው ግን አመዱ ይነበባል። የግድግዳው አጣና ቢነድም ከመሬት በታች ያለው ጫፍ ከስሎ ይቀራል፤ የጉቶዎቹን መስመር ተከትሎ ገመድ ሲዘረጋ ክፍሉ ይወጣል። ምስማሮች ከማገሩ ረግፈው በተርታ ይተኛሉ። ጉልቻው ካለበት ማድ ቤቱ ይታወቃል፤ የብረት አልጋ ካለበት ደግሞ የመኝታው ጥግ። ከሁሉም የረዳን ግን ቁልፍ ነው። ሰዎቹ በድንጋጤ ሲወጡ ብዙዎቹ ቤታቸውን ከሌባ ለመጠበቅ ቆልፈው ነበርና፣ በሩም መቃኑም ነድዶ አልቆ ቁልፉ እንደተቆለፈ በአመዱ ውስጥ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ቁልፍ ባገኘንበት ሁሉ ትንሽ ችንካር ተክለን ቁጥር ጻፍንበት። መንደሩ በቀበሌው መዝገብ አሥራ ሰባት ቤት ተብሎ የተመዘገበ ሲሆን እኛ ያገኘነው ሠላሳ አንድ በር ነው።

ይህ ልዩነት የመለካቱ ሥራ ለምን ከንድፍ እንደሚቀድም ያሳያል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ እንዲህ ባሉ የመሀል ከተማ መንደሮች አብዛኛው ሰው የሚኖረው በቀበሌ ቤት ነው፤ በመዝገብም የሚታወቀው የተከራየው አባወራ ወይም እማወራ ስም ብቻ ነው። ልጅ ሲያገባ ጓዳው ይከፈላል፤ ዘመድ ከገጠር ሲመጣ ግቢው ላይ አንድ ክፍል ይቀጠላል፤ ደባል ይገባል። ደባሉ ወረቀት የለውም። ቤቱ ቆሞ ሳለ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋልና ወረቀት አያስፈልገውም፤ ቤቱ ሲቃጠል ግን ደባሉ አብሮ የሌለ ሰው ይሆናል። ስለዚህ የክፍሉን ስፋት ስንጽፍ ከጎኑ በዚያ ክፍል ያድሩ የነበሩትን ሰዎች ቁጥር፣ የሚሠሩትን ሥራና ውኃና መብራት ከየት ይቀበሉ እንደነበር ጻፍን፤ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ጎረቤቶችም ፈረሙበት። የጎረቤት ፊርማ ማስፈረም የእኔ ሐሳብ አልነበረም፤ ሐሳቡን ያቀረቡት በእድሩ ውስጥ ጸሐፊ የነበሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ያለ እርሳቸው ሰነዱ ሥዕል ሆኖ በቀረ ነበር።

ጥቅሙም ሳይውል ሳያድር ታየ። የተሰጠን የጥገና ፈቃድ ቤቶቹ «እንደነበሩ» እንዲመለሱ የሚል ነበር። ቃሉ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የነበረው ምን እንደነበረ የሚያሳይ ሰነድ በየትኛውም ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ባለሙያ አሥራ ሰባቱ ቤቶች ብቻ ይሠሩ ብሎ ሲከራከር፣ ችንካሮቹ የታዩበትን ፎቶግራፍና የተፈረመበትን የልኬት ፕላን ዘረጋንለት። ሙሉ በሙሉ አልተረታም፤ ሆኖም ከሠላሳ አንዱ በር ሃያ ስምንቱ እውቅና አገኘ። የቀሩት ሦስቱ ከዘመዶቻቸው ጋር ተጠግተው ቀሩ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፖላንድ ዋና ከተማ ዋርሶ ታሪካዊ ማዕከል ከመቶ 85 እጁ በላይ ሲወድም፣ መልሶ ማነፅ የተቻለው በአብዛኛው አስቀድሞ የተለካ ነገር ስለነበረ ነው። የዋርሶ ፖሊቴክኒክ የአርክቴክቸር መምህራንና ተማሪዎች የአሮጌዎቹን ቤቶች ልኬት ሲያዘጋጁ ኖረው፣ በጀርመን ወረራም ጊዜ ሰነዱን ከከተማው አሽሽተው በአንድ ገዳም ውስጥ ደብቀውታል። ከጦርነቱ በኋላ ግንበኞቹ የተመለከቱት ያንና በ18ኛው መቶ ዘመን የተሣሉ የከተማዋን ሥዕሎች ነበር። ዩኔስኮም በ1980 እ.ኤ.አ. ያን ዳግም የታነፀ ከተማ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከቢሮዬ መስኮት ይታይ የነበረው ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም ቢሆን በጣሊያን ወረራ ጊዜ በእሳት ተቃጥሎ ከነጻነት በኋላ የታደሰ ነው፤ ባለ ስምንት ማዕዘኑ የድንጋይ ግድግዳ ቆሞ ስለቀረ ቅርጹን የሚጠይቅ አላስፈለገም። የጭቃ ቤት እንዲህ ያለ ዕድል የለውም፤ ልኬቱን የሚናገርለት ሰው ያስፈልገዋል።

ከልኬቱ ቀጥሎ የሚመጣው የቀረው ነገር ምኑ እንደሚያገለግል መለየት ነው፤ እዚህ ላይ ሰው ይጎዳልና ጥንቃቄ ያሻል። የጭቃ ግድግዳ አይነድም፤ ውስጡ ያለው እንጨት ግን ይነዳል። ከውጭ ሲታይ ምርጊቱ እንኳ ሳይሰነጠቅ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ውስጡ ከሰል ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ክረምቱ ሲገባም ጭቃው ውኃ ጠጥቶ በአንድ ሌሊት ይናዳል። እኛ ከግርጌው ምርጊቱን ጥቂት ፈልፍለን አጣናውን በካቻቢቴ እየወጋን ፈተንን፤ ከቆሙት አሥራ አንድ ግድግዳዎች ያተረፍነው ሦስቱን ብቻ ነው። ቆርቆሮውም እንዲሁ ነው። ሰዎች የተጣመመውን በመዶሻ አቅንተው መልሰው ለመምታት ይቸኩላሉ፣ ገንዘብ ነውና አይፈረድባቸውም፤ ይሁንና ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባስ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ፣ በእሳቱ ነጥቶ ወይም ጠቁሮ የወጣ ቆርቆሮ አንድ ክረምት ሳይደፍን ይበሳሳል። እንዲህ ያለውን ለአጥርና ለጊዜያዊ መከለያ ብቻ እንዲያውሉት መከርን። በመንደሩ ጫፍ ያለውን ባለ አንድ ፎቅ የአርማታ ሕንፃ ግን እኔ አልነካሁትም፤ ስትራክቸራል ኢንጂነር ጠራሁ። አርማታ ከ300 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ እንደ ጠጠሩ ዓይነት ወደ ሮዝነት ሊለወጥ ይችላል፤ ፌሮውም 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የጥንካሬውን ግማሽ ያህል ያጣል። ኢንጂነሩ ኮለኖቹን በመዶሻ እያንኳኳ ድምፁን ሲያዳምጥ፣ ድምፁ የደነቆረበትን ቦታ በጠመኔ ሲከብ ዋለ። አርክቴክት የማያውቀውን አላውቅም ብሎ ሌላ ባለሙያ መጥራቱ ከሥራው አንዱ ነው።

ስለ መጠለያ ብዙ አልልም። ሁሉም የሚያስበው ስለ ድንኳን ነው፤ የእድር ድንኳን ግን የለቅሶ ድንኳን መሆኑን መርሳት አይገባም። በሁለተኛው ሳምንት በላይኛው መንደር ሰው ሞተና ድንኳኑ መነቀል ግድ ሆነ፤ ተጠልለው የነበሩት ሰዎችም ዕቃቸውን ተሸክመው ለቀስተኛ ሆነው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ነው በሞራሌና በሸራ ከየቤታቸው ይዞታ ላይ ጊዜያዊ ክፍል መሥራት የጀመርነው። ሞራሌው ኋላ ለጣሪያው እንዲውል ልኩን ከወዲሁ አስተካክለን ቆረጥነው፤ ሰው የሚሰጠውን ዕቃ በራሱ ስሌት ይጠቀምበታልና። ጃፓናዊው አርክቴክት ሺገሩ ባን ከ1994 እ.ኤ.አ. የሩዋንዳ እልቂት በኋላ በስደተኞች መጠለያ የካርቶን ቱቦ ምሶሶ ያስተዋወቀው በዚሁ ምክንያት ነበር፦ ለድንኳን ማቆሚያ የተሰጠውን የአሉሚኒየም ቧንቧ ስደተኞቹ እየሸጡ ለምሶሶ ዛፍ ይቆርጡ ነበር።

ከሁሉ የከበደን የመንገዱ ጉዳይ ነው። የቀድሞው መተላለፊያ በጠባቡ ቦታ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲም ብቻ ነበር፤ በዚያች ሌሊትም የእሳት አደጋ መኪናው ዋናው አስፋልት ላይ ቆሞ ቱቦ እስኪቀጣጠል ድረስ ብዙ ቤት ነድዷል። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠልም የመንገዱ ጥበት ለማጥፋቱ ሥራ እንቅፋት መሆኑ በሰፊው ተነግሯል። መንገዱን ለማስፋት ግን አንድ ሰው ከቤቱ መቁረጥ አለበት፤ 16 ካሬ ላይ ስድስት ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ ግማሽ ሜትር ስጥ ሲባል ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልግም። በወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ሦስት ጊዜም ስብሰባው በጭቅጭቅ ተበተነ። በአራተኛው ወረቀቱን ትተን መሬቱ ላይ በኖራ ሠራነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ክፍል ውስጥ ቆመ፤ አልጋ የት እንደሚገባ በእርምጃ ለካ፤ በሩንም በድንጋይ ምልክት አደረገ።

ስፋቱን የወሰነው የሕንፃ ደንብ አልነበረም። የእድሩ ሊቀ መንበር አራት ወጣቶች ጠርቶ ባዶ ቃሬዛ አሸከማቸውና በኖራው መስመር መካከል እንዲያልፉ አዘዛቸው። በማዞሪያው ላይ ተጣበቁ። «ሬሳ በአራት ሰው ትከሻ የማይወጣበት መንገድ መንገድ አይባልም» አለ፤ ከዚያ በኋላ የተከራከረ ሰው አልነበረም። ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ተስማማን። እኔ ለእሳት አደጋ መኪና ሦስት ሜትር ተኩል ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም። በምትኩ በመንደሩ መካከል ከቦኖው አጠገብ አንድ ክፍት ቦታ ተተወ፤ በግራና በቀኙ ያሉት ሁለት ቤተሰቦች ላጡት መሬት ሌሎቹ በቆርቆሮና በሲሚንቶ ካሱአቸው። ክፍት ቦታው አሁን የቡና መጠጫ ሆኗል ብለው ሲነግሩኝ ተናድጄ ነበር፤ ቆይቼ ግን ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ላይ ዕቃ እንደማይከመርበት ተረዳሁ።

ከግንባታው አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፣ ምክንያቱም ወጪው ትንሽ ጥቅሙ ብዙ ስለሆነ። በተያያዙ የቀበሌ ቤቶች ውስጥ አካፋይ ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው። እሳት ከአንዱ ጓዳ ወደ ኮርኒሱ ከወጣ በኋላ ከላይ ከላይ ይሮጥና ከታች ያሉት ሰዎች ሳያውቁት አምስት ቤት ያልፋል። ሁሉንም ግድግዳ በብሎኬት ለመሥራት ገንዘብ አልነበረንም። ስለዚህ በየሦስት ክፍሉ አንድ የብሎኬት ግድግዳ ከመሠረቱ አንሥተን ከቆርቆሮው በላይ 50 ሳንቲም ያህል እንዲወጣ አደረግን፤ የቀረው በአጣና፣ በጭቃና በጭድ ተሠራ። ግንበኛው መጀመሪያ ላይ «ይሄ ጉብታ ለምንድን ነው? ዝናብ ያስገባል» ብሎ አስቸግሮን ነበር፤ እውነቱን ነው፣ መጋጠሚያው በላሜራ በሚገባ ካልተሸፈነ ያስገባል፤ በሁለት ቦታም አስገብቷል።

በጦርነቱ ስለተጎዱት ጤና ጣቢያዎች የምለው አጭር ነው። ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ በሰሜን ወሎ ለሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ አዲስ አበባ ተቀምጠን፣ በስልክ በተላከልን ፎቶግራፍ ብቻ፣ ሙሉ በሙሉ ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራ የሚል ሰነድ አዘጋጀን። ቦታው ስንደርስ ግን ግድግዳውና መሠረቱ ደኅና ነበሩ፤ የሌሉት በሩ፣ መስኮቱ፣ የመብራቱ ሽቦና የውኃው ታንከር ነበሩ። ተዘርፎ ባዶ የቀረ ሕንፃ በፎቶ ሲታይ የፈረሰ ይመስላል። ጤና ጣቢያው በሁለት ወር ሥራ ሊጀምር ሲችል በእኛ ወረቀት ምክንያት የበጀት ዓመት አለፈበት። ስሕተቱ የኔ ነው፤ ከአመድ ላይ የተማርኩትን በቢሮ ውስጥ ረስቼው ነበር።

መንደሩን በተመለከተ፣ የልኬት ፕላኑን በሦስት ቅጂ አዘጋጅተን አንዱን ለወረዳው፣ አንዱን ለእድሩ ሰጥተን አንዱን እኛ ዘንድ አስቀረን። በ2016 ፒያሳ ለልማት ሲነሣ ያ መንደርም አብሮ ተነሣ፤ እኛ የሠራናቸው ቤቶች ጥቂት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳያገለግሉ ፈረሱ፤ ቢሮዬም ያለበት ሕንፃ እንዲሁ። ነዋሪዎቹ የምትክ ቤት ጉዳያቸውን ለማስረዳት ሲፈልጉት የወረዳው ቅጂ አልተገኘም፤ የእኔም በዕቃ ማዛወር ግርግር ጠፋ። የተገኘው የእድሩ ነው። ደባሎቹም ጭምር በጎረቤት ፊርማ ተመዝግበው ስለነበር ሰነዱን ከየጉዳያቸው ጋር አያይዘው አቀረቡ፤ ለአንዳንዶቹ ሠራ፣ ለአንዳንዶቹ አልሠራም። ሰዎቹ ዛሬ በከተማው ዳር ዳር ኮንዶሚኒየም ተበትነው ቢኖሩም እድሩ አልፈረሰም፤ በወር አንድ ጊዜ እየመጡ ይከፍላሉ። ፕላኑም ከድንኳኑ፣ ከብረት ድስቶቹና ከወንበሮቹ ጋር በእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከመዝገቡ ሥር ተቀምጧል።